በግ ከአንበሳ ትወፍራለች

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቤቱን የሚያስጨርስ ሰው ከሩቅ ይታወቃል። ጫማው ላይ ሲሚንቶ፣ ስልኩ ላይ የጂፕሰም ፎቶ አለ። ለሳሎኑ ጣሪያ ወር ሙሉ ይመክራል፤ ሚስቱን ያማክራል፣ አማቱን ያማክራል፣ ዱባይ ያለች እህቱን በቪዲዮ ጠርቶ ግድግዳውን አንድ በአንድ ያስጎበኛታል። ሽቦው ላይ ሲደርስ ግን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብሩን ቆጥሮ ይሰጥና «አንተ ታውቃለህ፤ ብቻ ኦሪጅናል ይሁን» ብሎ ወደ ሴራሚኩ ይመለሳል። አይፈረድበትም። ቤት ለማየት የመጣ እንግዳ ጣሪያውን አንጋጦ ያደንቃል እንጂ ቡናውን አስቀምጦ ግድግዳ አይበሳም።

እንዲህም ሆኖ በእኛ ብሎክ ስለ ሽቦ አላውቅም የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ጨጓራውን ሲያመው «ሐኪም ይየው» የሚለው ጎረቤቴ እንኳ፣ ነገሩ ሽቦ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ነው። እኔም ከማንም አላንስም። ደረጃ ላይ ቆሜ ጥቅል ሽቦ የተሸከመ ልጅ ካለፈ «የየት ሀገር ነው?» ሳልል አላሳልፈውም። «የቱርክ ነው» ሲለኝ ቅንድቤን ከፍ፣ «የቻይና ነው» ሲለኝ ከንፈሬን መጠጥ አደርጋለሁ። ልጁም ፈተናውን እንዳለፈ ተማሪ ደስ ብሎት፣ ወይም እንደወደቀ አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን ይወጣል። ምን እንደፈተንኩት ሁለታችንም አናውቅም።

መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በር ላይ ትንሽ ቆም ብላችሁ ጆሮ ስጡ። ሻጩ «ባለ ስንት ልስጥህ?» ይላል። ገዢው «ለቤት ነው» ይላል። «እሱማ ለቤት ነው፤ ባለ ስንት?» «ወፈር ያለውን።» ሻጩ ትዕግሥቱን ከየት እንደሚያመጣው እንጃ፣ ለመብራት ባለ 1.5፣ ለሶኬት ባለ 2.5፣ ለምጣድ ባለ 4 ወይም ባለ 6 እያለ ከመደርደሪያው ያወርዳል። ገዢው አይሰማውም። የሽቦውን ጫፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ እያሸ ነው። ላስቲኩ ወፈር ሲልለት «ይሄ ጥሩ ነው» ብሎ ይፈርዳል። መብራቱን የሚሸከመው ውስጥ ያለው መዳብ ነው፤ ላስቲኩ ሥራው እኛን ከመብራቱ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህንን የጣታችንን ጠባይ ያጠና አምራች አልጠፋም። ላስቲኩን ጨመረልን፣ መዳቡን ቀነሰልን፣ እኛም «ወፍራም ነው» ብለን ተሸክመነው ገባን።

እንዳይታለሉ ቆርጠው የተነሡት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ናቸው። ከሥራ ዘመናቸው የተረፈ ካሊፐር አላቸው፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ የልጅ ልጅ የማይነካው። ባለ 2.5 ሽቦ አስገዝተው ላስቲኩን በጥንቃቄ ልጠው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ለኩት። 1.78 ሚሊ ሜትር። ደግመው ለኩት፤ 1.78። «ሰባ ሁለት ሳንቲም በልተውኛል!» የሚለው ድምፃቸው እስከ ምድር ቤት ተሰማ። ጥቅሉን በታክሲ ጭነው መርካቶ ወረዱ።

ሱቁ ውስጥ ያለው ወጣት ሳይቆጣ ወረቀት አወጣላቸው። 2.5 ማለት የሽቦው ውፍረት ሳይሆን ሲቆረጥ የሚታየው ክብ ፊት ስፋት ነው፣ በካሬ ሚሊ ሜትር። የ1.78 ግማሽ 0.89፤ 0.89 በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ3.14 ሲባዛ 2.49 ገደማ ይመጣል። ሽቦው ልክ ነው። ባለ 1.5ም ቢለኩት 1.38 እንጂ 1.5 አይሆንም። ጋሼ ስሌቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጡ፤ ሒሳብ ላይ ሰው አያምኑም። ከዚያ ካሊፐሩን ወደ ፎጣው እየመለሱ «እሺ፣ ዕቃው በስፋት ከሆነ የሚሸጠው በሜትር የምታስከፍሉኝ ለምንድን ነው?» አሉት። እስከማውቀው ድረስ መልስ አልተገኘላቸውም።

ካሊፐር የሌለን ሌሎቻችን የራሳችን ላቦራቶሪ አለን። የመጀመሪያው መሣሪያ ጥርስ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፒንሳው ከኋላ ኪሱ ጎልቶ እየታየ ሽቦውን በጥርሱ ይልጣል፤ ምላሱን በከንፈሩ ላይ አዙሮ «ኮፐር ነው» ይላል። ቀምሶ ነው እንግዲህ። ሁለተኛው ላይተር ነው። ይኼኛው ሥነ ሥርዓት ቢያንስ ሦስት ወንድ ይፈልጋል፤ አንዱ ሽቦውን ይይዛል፣ አንዱ ይለኩሳል፣ አንዱ አስተያየት ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። አብዛኛው የቤት ሽቦ የሚለብሰው ፒቪሲ ክሎሪን ስላለበት፣ ደህና ሆኖ የተሠራ ከሆነ እሳቱን ሲያርቁለት ራሱ መጥፋት አለበት። መታየት ያለበት እሳቱ ከራቀ በኋላ ያለው ነው። የኛ ሰዎች ግን እሳቱን አያርቁም። አንዱ «ፈጽሞ መንደድ የለበትም» ይላል፤ ሌላው «ጭሱ ጥቁር ከሆነ ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያሸታል። የሚያሸቱት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ጭስ ነው፣ ለሳንባ የማይመከር። ሦስተኛው ሰውዬ በመጨረሻ ላይተሩን ተውሶ ሲጋራውን ይለኩስበታል፤ ከሦስቱ ዓላማውን ያወቀ እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ ማግኔት ነው። አራተኛ ፎቅ ያለ አንድ ወጣት ከአሮጌ ስፒከር የፈታው ማግኔት አለው፤ ሽቦ የሚገዛ ሁሉ እሱ ጋ ይላካል። ማግኔቱን ያስጠጋል፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ አይያዝም። «ንጹሕ ኮፐር!» ይላል። «ተመስገን» እንላለን። ችግሩ አሉሚኒየምም ማግኔት አይዘውም። ወርቅም አይዘውም። ቲማቲምም። በዚህ ምርመራ የኔ ነጠላ ጫማም ንጹሕ ኮፐር ነው። ማግኔቱ የሚያጋልጠው መዳብ የተቀባ ብረትን ብቻ ነው። ገበያውን ያጥለቀለቀው የማታለያ ዓይነት ግን ሌላ ነው፤ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ ስስ መዳብ። እሱን ለመያዝ ወይ በቢላ ፋቅ አድርጎ ነጭ ነገር ብቅ ይል እንደሆነ ማየት፣ ወይ መመዘን ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር መዳብ ወደ 9 ግራም ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል አሉሚኒየም ግን 2.7 ግራም ብቻ ነው። ጥቅሉ በአንድ ጣት ሲነሳ መጠርጠር ነበረብን። እኛ ግን ቀሎ ሲገኝ «ለመሸከም እንዴት ይመቻል» ብለን አመሰገንን።

ከምላስም ከማግኔትም በፊት ሽቦው ራሱ ይናገራል። ላስቲኩ ላይ በየእጅ ክንዱ ጽሑፍ አለ፤ ባንኮኒው ላይ እየተዘረጋ ሲለካ ሁላችንም እናየዋለን፣ የሚያነበው የለም። ለምሳሌ «ኤች 07 ቪ-ዩ» የሚል ካለ፣ ኤች ማለት አውሮፓውያን በጋራ የተስማሙበት ደረጃ ነው፤ 07 እስከ 750 ቮልት የሚለው ነው፤ ቪ ልባሱ ፒቪሲ መሆኑን ይናገራል፤ ዩ ውስጡ አንድ ወጥ መዳብ ነው ማለት ነው። በዩ ፋንታ ኬ ከሆነ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ነው። አንድ ቀን እትዬ ከታች ቤት አዲስ ጥቅል ገዝተው ሲገቡ አግኝቻቸው መነጽሬን አድርጌ ይህን ሁሉ ፊደል በፊደል ተረጎምኩላቸው። እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ እስከ መጨረሻው በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ። ከዚያ «ጎበዝ ነሽ፤ እሱን ተይውና ልጄ፣ የየት ሀገር ነው?» አሉኝ። እውነት ለመናገር እትዬም ብልህ ናቸው። ፊደል ማተም መዳብ ከመጨመር ይረክሳል።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም፤ የምታውቁት ነው። ቢጫና አረንጓዴ ዥጉርጉሩ የኧርዝ ነው፣ ለሌላ ሥራ አይውልም። አንድ የሰፈራችን ሙሽራ ግን «እሱ ከመጋረጃዬ ጋር ይሄዳል» ብላ ቤቱን በሙሉ በእሱ ልታዘረጋ ነበር። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እንደሚገባ ሲነገራት ቅር አላት። ሠራተኞቹም ቢሆኑ ከሷ አይሻሉም፤ ቀዩ ሲያልቅባቸው ፌዙን በዥጉርጉሩ ይጎትቱና «መብራት ቀለም አያውቅም» ይላሉ። ልክ ነው፣ አያውቅም። በዓመቱ ሶኬት ሊቀይር የመጣው ሌላ ሠራተኛ ግን ያውቅ ነበር፤ ከመሰላሉ የወረደው አንድም ደረጃ ሳይረግጥ ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ እንምጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ዲቫይደሮቻችን ላይ የተገጠመው ቀጭን ገመድ ደግሞ ባለ 0.75 ከሆነ ወደ 6 አምፔር ነው አቅሙ። ታዲያ የዓመት በዓል ዋዜማ በዚያች ዲቫይደር ላይ ምጣዱ፣ ፍሪጁ፣ የወጥ ስቶቩ፣ ቴሌቪዥኑና የሁሉም ልጆች ቻርጀር ይሰካል። ገመዱ ይለሰልሳል። «ትንሽ ሞቅ ብሏል» ይባላል፤ ስለ ሕፃን ልጅ ግንባር እንደሚባለው። የኔዋ ገመድ ምንጣፍ ስር ነው የምታልፈው፤ ሐምሌ ላይ በካልሲ ስረግጣት ደስ ስለምትለኝ ለማንም አልናገርም።

ይህን ሁሉ የሚያይ አንድ አስተዋይ ብቻ አለ፣ ብሬከሩ። 16 አምፔር ካለፈ ትንሽ ይታገሥና ቷ ብሎ ይወድቃል። ለሽቦው ሲል ነው የሚወድቀው፣ ሥራው እሱ ነው። ሰፈራችን ግን ብሬከርን እንደ ነገረኛ አከራይ ነው የሚያየው። «ይሄ ብሬከር አስቸገረን፣ እንጀራ አላስጋግር አለን» ይባልና ሠራተኛ ይጠራል። ሠራተኛው 16ቱን ነቅሎ ባለ 32 ይገጥማል። ባለ 2.5ቱ ሽቦ እዚያው ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ነው፤ እሱን ማንም አላማከረውም። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ብሬከሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጥ አለ፤ ሠራተኛው ተመሰገነ፣ ጉርሻ ተሰጠው። አሁን መናገር የጀመረው ሽቦው ነው፣ በጢስ።

ጢሱ ሲመጣ ምክንያቱን የምንገልጽበት ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል፤ «ኮንታክት ነው»። ቴሌቪዥኑ ተቃጠለ? ኮንታክት። ደወሉ አልጮኽ አለ? ኮንታክት። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢና ጸሐፊዋ ከተኮራረፉ ወዲህ እሱንም ኮንታክት የሚሉት አሉ። ኮንታክቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቅጥያው ነው፤ ሁለት ሽቦ ተጠማዞ፣ ሦስት ዙር ጥቁር ፕላስተር ተጠምጥሞበት፣ «ይበቃዋል» ተብሎ ከተተወው። መዳብና አሉሚኒየም በባዶ ሲጠማዘዙማ ጠላትነታቸው የታወቀ ነው። እርጥበት ሲነካቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ ይግላል። ለሁለቱ ማገናኛ ተብሎ የሚሠራ ዕቃ አለ፤ ግን ፕላስተር እያለ ማን ዕቃ ይገዛል?

ይህ ጠብ ነው መሰለኝ አሉሚኒየምን ስድብ ያደረገው። ጎረቤቴ ሻጭ ላይ ሲጮህ «አሉሚኒየም ልትሸጥልኝ ነው!» ብሎ ነው፤ ከዚህ የከፋ ስድብ የለውም። ይህን ሲል የቆመው ከራሱ በላይ በሚያልፈው የመንገድ መስመር ስር ነበር፣ መስመሩም አሉሚኒየም ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስተው ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራ ለተራራ የሚሄዱ ገመዶችም መዳብ አይደሉም። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት ከመዳብ 61 በመቶ ያህሉን ነው የሚያስተላልፈው፤ በእኩል ክብደት ግን እጥፉን ያህል ያስተላልፋል። መዳብ ቢሆን ኖሮ የያቤሎ ሰዎች ማማው ጎብጦ ሲያዛጋ ያዩት ነበር።

ከነዚህ ገመዶች ነው የዚህ ጽሑፍ አርዕስት የመጣው። ማማ ላይ የሚሰቀለው አሉሚኒየም እንዳይረግብ መሐሉ ላይ ብረት ይደረግለታል። እንግሊዞች ለነዚህ ብረት ላላቸው ገመዶች በየውፍረታቸው የእንስሳ ስም ሰጧቸው፤ ብረት ለሌላቸው ደግሞ የነፍሳት ስም። አሜሪካውያን የበኩላቸውን በወፍና በአበባ ሰየሙ። ስሞቹ እስከ ዛሬ በጨረታ ሰነድ ላይ በቁም ነገር ይጻፋሉ፤ መሐንዲስ ክራቫት አድርጎ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ጥንቸል» ብሎ ይፈርማል። ማን እንደ ሰየማቸው እንጃ እንጂ ጫካ ገብቶ የሚያውቅ ሰው አይመስለኝም። ጅብ የተባለው ገመድ 106 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ አሉሚኒየም አለው፣ በግ የተባለው 375። በግ ጅብን ሦስት ጊዜ ውጣው ምሳዋን ትጠብቃለች ማለት ነው። አንበሳ 238 ሲሆን ፍየል 324 ናት። በረሮዋን ደግሞ ተዉዋት፤ 266 ገደማ ስለሆነች አንበሳን በቀጥታ ትበልጠዋለች።

ይህን ቡና ላይ ስነግራቸው ማንም አላመነኝም። ጋሼ ካሊፐራቸውን ሊያመጡ ተነሡ። ለብሎካችን አዲስ መስመር ይጠየቅ ይባል ስለነበር ኮሚቴው እዚያው ቡናው ላይ ሐሳብ ተቀባበለ፤ አንበሳ ይዘርጋልን የሚለው በሙሉ ድምፅ አለፈ። እንዲህ ያለ ገመድ ለማማ እንጂ ለብሎክ እንዳልተሠራ ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ቢሆንስ በግ ወፍራም ናት፣ ብዙ ትሸከማለች ብዬም ጨመርኩ። እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «በግማ ለፋሲካ ነው፤ ለመብራት አንበሳ ይሻላል» አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንደዚያው ሰፈረ።

በሰፈራችን ሽቦን በእውነት የሚያውቅ አንድ ሰው ግን አለ፤ ሱቅ የለውም፣ ዲፕሎማም የለውም። ጧት ጧት ጆንያውን በትከሻው አንጠልጥሎ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ነው። ይኸው ልጅ ሲመጣ እኛም እንለወጣለን። ስንገዛ ባለ ስንት ነው ብለን ያልጠየቅን ሰዎች ስንሸጥ በግራም እንከራከራለን፤ ሚዛኑን እናጣራለን፣ ከምን አለሽ ተራ ዋጋ ጋር እናወዳድራለን፣ ኮፐር ምን ያህል እንደገባ በስልክ እንጠይቃለን። ልጁ ፊደል አያነብም፣ የየት ሀገር ነው አይልም፣ ላይተርም አያወጣም። በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝናል፤ ከጠረጠረ ከኪሱ ትንሽ ቢላ አውጥቶ አንድ ጊዜ ፋቅ ያደርጋል።

ባለፈው እትዬ የድሮውን አስነቅለው በአዲስ ካስቀየሩት ሽቦ የተረፈውን ጉማጅ በፌስታል ሞልተው ይዘውለት ወረዱ። «ይሄ እንደ ሌላው አይደለም፤ ኮፐር ነው፣ ደህና አድርገህ መዝን» አሉት። ልጁ ፌስታሉን ገና ሲያነሳው ፊቱ ተለወጠ። አንዱን ጉማጅ ፋቅ አደረገው፤ ከቀይዋ ስስ ልባስ ስር ነጩ ብቅ አለ። አሳያቸው።

«እማማ፣ ይሄ በአሉሚኒየም ሒሳብ ነው የሚሄደው» አለ፣ በትሕትና።

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ እትዬ። «የጀርመን ነው እኮ!»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «እሺ፤ በጀርመን አሉሚኒየም ሒሳብ እወስድልዎታለሁ» አለ።

እትዬ ተስማሙ።